ኩባያዎቹ እስኪደፉ

የመጨረሻዋ ደህና ጠዋት ማክሰኞ ነበረች። ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ግቢያችን ጭቃ ሆኗል። ጁባ ዘንቦ ሲያባራ የሚመጣ ሽታ አለ፣ የእርጥብ ቀይ አፈርና የከሰል ጭስ ሽታ። ወንድሜ ደረጀ በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የልጆቹን ጫማ ያያል። እሱ አይወለውልም፣ ያያል ብቻ። የሚወለውሉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። የሰባት ዓመቷ ማርታ የራሷን ጨርሳ የወንድሟን ግራ ጫማ ይዛለች። ያፌት አምስት ዓመቱ ነው፤ ምላሱን በከንፈሩ ዳር አውጥቶ ቀኙን በጨርቅ ያሻል። ጭቃው ከጫማው ወደ እጁ፣ ከእጁ ወደ ጉንጩ ሄዷል። ደረጀ ያያል።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ወረቀት ነው። ባለፈው ሳምንት የልጆቹ ትምህርት ቤት ለየቤቱ ላከ። ልጅዎ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ያለው ጠዋት ምን ይመስላል፣ ብሎ ይጠይቃል። ከታች አራት ባዶ መስመር አለው። አስተማሪያቸው፣ እነ ማርታ ተረጋግተው ስለሚመጡ ለሌሎቹ ወላጆች በስብሰባ ላይ ብትነግራቸው፣ አለችኝ። ስብሰባው ላይ ተነሳሁ። «ጠዋት...» አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልሄደልኝም። ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ፤ ማፈሬን ያወቀች አንዲት ሴት ውሃ አቀበለችኝ።

አራት መስመሩም አልበቃኝም። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ ስልክ ነው የምጠግነው። እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው።

ደረጀ ታላቄ ነው፣ በአስራ አራት ዓመት። ጋሼ ነበር የምለው። የጄኔሬተር ባለሙያ ነበር። ቶንፒንግ ሰፈር ያሉት ሆቴሎችና ቢሮዎች መብራት ሲጠፋባቸው የሚደውሉት ለእሱ ነው። ሚስቱ ሰናይት ቶንፒንግ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ቁርስ ታዘጋጅ ስለነበር ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። ስለዚህ የቤታችን ጠዋት የደረጀ ነበር። የምንኖረው «ጁባ ና ባሪ» የሚባል ሰፈር ነው፣ ሁለት ክፍል፣ የቆርቆሮ አጥር፣ የቆርቆሮ በር።

እኔ ከአዲስ አበባ ስመጣ ጠዋቱ እንዲህ አልነበረም። ጩኸት ነበር። «ቶሎ! ቶሎ! ካልሲህ የት አለ? ቶሎ!» ማርታ የጠጣችውን ሻይ መንገድ ላይ ታስመልሰው ነበር። አንድ ቀን ያፌት፣ ያኔ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፣ ግቢ ውስጥ ባዶ ጀሪካን በእግሩ እየመታ ሲጫወት ሰማነው። «ቶሎ! ቶሎ በል! አንተ ደደብ!» ይለዋል ጀሪካኑን። ድምፁ የራሱ አይደለም። የደረጀ ነው፣ ቁርጥ። ደረጀ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። እኔ ስቄ ነበር። እሱ አልሳቀም።

በማግስቱ ልጆቹን ቀድሞ ተነሳ።

«ስማ ሚኪ» አለኝ፣ «ጄኔሬተር ስታስነሳ ወዲያው ጭነት አትሰጠውም። መጀመሪያ ባዶውን ይዙር። ይሙቅ። ድምፁ ይስተካከል። ከዚያ ነው መስመሩን የምትለቅበት። እኛ ልጆቹን ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ ነው የምንጭንባቸው።»

«ልጆቹ ሞተር ናቸው እንዴ ጋሼ?»

«ሞተርስ ቢበላሽ መለዋወጫ አለው» አለ።

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ የራሱን ጠዋት ሠራ። በአንድ ቀን አልሆነም፣ ብዙ ቀን ተበላሽቷል። ድምፅ ከፍ አይልም። ስልክ አይነሳም። ፊት ሲታጠቡ አንዱ ለሌላው ነው በጆግ ውሃ የሚያፈስለት፤ ማንም ለራሱ አያፈስም። መጀመሪያ ሰሞን ያፌት እህቱን አንገቷ ውስጥ ይደፋባት ነበር። ተራው ሲደርስ እሷም ደፋችበት። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ተዉት። ደረጀ አልተቆጣም፤ ፎጣ ብቻ አቀበላቸው።

ቀጥሎ ዳቦ በለውዝ፣ ሻይ። ሻዩ በቆርቆሮ ኩባያ ነው፣ የየራሳችን አለን፤ የደረጀ ሰማያዊ ነው፣ ጠርዙ የተላጠ። ሻይ እየጠጣን ከትንሹ ጀምሮ እያንዳንዱ የቀኑን ነገር ይናገራል። የት እንደሚውል፣ ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ። ደረጀም ይናገራል። «እኔ ዛሬ ቶንፒንግ ነኝ። ከሰዓት ገበያ ሄጄ ፊልትሮ እገዛለሁ። አስር ሰዓት እመለሳለሁ።» አስር ሰዓት ካለ አስር ሰዓት ነው። ከዘገየ ይደውልና ማርታን ስጡኝ ይላል፤ እኔን አይደለም፣ ማርታን።

ሻዩን የጨረሰ ኩባያውን አጥቦ ሳህኑ ላይ በአፉ ይደፋል። ኩባያዎቹ ሁሉ ሳይደፉ የግቢው በር አይከፈትም። ማንም ቢያንኳኳ። ይህ ሕግ ነበር። የፈጠነው የዘገየውን ይጠብቃል። ማርታ መጠበቅ የተማረችው እዚያ ይመስለኛል፤ ያፌት ዳቦውን እንደ አይጥ በጥርሱ ጫፍ ሲቆረጥም ድሮ ትቆነጥጠው ነበር፣ በኋላ ተረት ትነግረው ጀመር።

በሩ ሲከፈት ፊት ለፊት ሐቦባ ሮዛ አለች። ሐቦባ እዚህ አያት ማለት ነው። ደጇ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ልጆቹ ተራ በተራ እጇን ጨብጠው «ሰባ አል ኸይር፣ ሐቦባ» ይሏታል። «ሰባ አል ኑር» ትላለች፣ የያፌትን ሸሚዝ ቁልፍ ታስተካክላለች፣ ባይዛነፍም።

እኔ ይህን ሁሉ እንደ ቀልድ ነበር የማየው። እውነቱን ልናገር። ይረፍድብኛል እያልኩ አጉረመርም ነበር።

ወደ ማክሰኞ ልመለስ።

ሰናይት ልትወልድ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር፤ ወልዳ አስር ቀኗ ነው። ወንድ ልጅ። ስለዚህ ጠዋቱን እኔና ደረጀ ነን። ያፌት ያደረገውን ካልሲ አወለቀ። እርጥብ ነው፣ አላደርግም አለ። ደረቅ ነው አልኩት። አይደለም አለ። አለቀሰ። እኔ ሀይ ጀላባ ሰፈር ያለውን ሱቄን ቀድሜ መክፈት ነበረብኝ።

«በቃ አድርገውና አባቢ ማታ ብስክሌት ይዞልህ ይመጣል» አልኩት።

ዝም አለ። ካልሲውን አደረገ። በራሴ ደስ ብሎኝ ቀና ስል ደረጀ እያየኝ ነው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮሃል፣ አላነሳውም። ያፌት አጠገብ ጭቃው ላይ ተንበረከከ፣ ሱሪው ተበላሸ።

«ያፊ፣ ዛሬ ብስክሌት የለም። ሚኪ ስለቸኮለ ነው ያለው። ካልሲውን ብታወልቀው ማውለቅ ትችላለህ።»

ያፌት አሰበ። «ለምጄዋለሁ» አለ።

ደረጀ ወደ እኔ መጣና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጠዋት የነገርከውን ልጅ ቀኑን ሙሉ ይዞት ነው የሚውለው» አለ። «ማታ በር ላይ ቆሞ ብስክሌት ሲጠብቅ አንተ አታየውም። እኔ ነኝ የማየው።»

«ትንሽ ነገር ነው እኮ ጋሼ።»

«ትንሽ ልጅ ነው እኮ።»

አኮረፍኩ። ስልኩ እንደገና ጮኸ። እዚህ ላይ... እዚህ ላይ የሆነውን ብዙ ጊዜ አስባለሁ። «አንሳው እንጂ፣ ሆቴሉ ነው፣ ጨለማ ውስጥ ናቸው» አልኩት፣ ተናድጄ። እሱም በእኔ የተነሳ ዘግይቶ ነበርና አነሳው። ከበሩ ሳይወጣ ስልክ ያነሳው የዚያን ቀን ብቻ ነው። ጄኔሬተራቸው ሌሊት ቆሞ እምቢ ብሏቸዋል። ቦርሳውን አንጠለጠለ። ቆሞ ሻዩን ተጎነጨ። «እኔ ዛሬ ቶንፒንግ ነኝ፣ አስራ አንድ ሰዓት እመለሳለሁ» ብሎ ሁለቱንም ግንባራቸውን ሳመ። በሩን ከፈተ። ቦዳ ጠራ፣ ሞተር ብስክሌቱ ጭቃውን እየረጨ ይዞት ሄደ።

ማርታ ወደ ጠረጴዛው አየች። «አባቢ ኩባያውን አልደፋም» አለች።

«እኔ አጥበዋለሁ» አልኳት። አላጠብኩትም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ታደሰ ሱቄ መጡ። ጋሽ ታደሰ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፣ ትልቅ ሰው። ሱቄ መጥተው አያውቁም። የአንድ ሰው ስልክ ከፍቼ ስክሪኑን እያላቀቅኩ ነበር።

«እስቲ ዝጋና ና» አሉኝ። «ደረጀን ትንሽ አሞት ነው።»

መኪናቸው ውስጥ ምን አስብ እንደነበር ልናገር። ወባ ነው፣ አልኩ። ዛሬ እኔ ልጆቹን እይዛለሁ፣ ሾርባ እሠራለሁ፣ ስለ ጠዋቱም ይቅርታ እለዋለሁ። ማልሁ። ብርቱካን ልግዛለት፣ መኪናውን አቁሙልኝ አልኳቸው። ጋሽ ታደሰ አቆሙልኝ። ብርቱካን ገዛሁ። እሳቸው መሪውን ይዘው ፊት ለፊት እያዩ ጠበቁኝ። ወንድሜ ያኔ ከሞተ አንድ ሰዓት ሊሞላው ነበር። ሞተሩን አስነስቶ፣ ድምፁን እያዳመጠ ቆሞ ሳለ ነው አሉ ዘፍ ያለው። ልቡ። ክሊኒክ አድርሰውት ሐኪሞቹ ቢሞክሩም አልሆነም።

ለክፋት አይደለም የዋሹኝ። የእኛ ሰው መርዶ እንዲሁ በድንገት አይናገርም። ቀስ ተብሎ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ። አውቃለሁ። ግን ያን ብርቱካን እስከ ዛሬ ድረስ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

የእድሩ ሽማግሌዎች እዚያው ክሊኒኩ ደጅ መከሩ። አስከሬኑ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ሰናይት አራስ ናት፤ ወንድሞቿ ነገ ማለዳ ይነግሯታል። ልጆቹስ?

«ልጆቹ እንዳይሰሙ» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ማታ እናታቸው ስትደውል አንዲት ቃል ብትወጣቸው ሴትየዋን እናጣታለን። ነገም ምንም እንዳልሆነ ለትምህርት ቤት አልብሰህ ላካቸው። እነሱ ከወጡ በኋላ እኛ መጥተን ድንኳን እንተክላለን። ከትምህርት ቤት እኛ ቤት ይወሰዳሉ። አባታችሁ መለዋወጫ ሊያመጣ ወደ ድንበሩ፣ ኒሙሌ ሄዷል በላቸው። ልጅ ነው፣ ይረሳል።»

«እስከ መቼ?» አልኩ።

«እስኪለምዱት።»

እሺ አልኩ። 

ማርታ ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። የቆርቆሮው ቀዳዳ ላይ ዓይኗን አድርጋ። ያፌት ጭቃ ውስጥ በእንጨት ይቆፍራል።

«አስራ አንድ ሆነ?» አለችኝ።

«ሆነ።»

ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋስ ተነሳ፣ የግቢው ማንጎ ቅጠሉን አራገፈ። ማርታ አልነቃነቅ አለች።

«አባቢ ዋሸ እንዴ?» አለች።

«ሥራ ይዞት ነው።»

ዞር ብላ አየችኝ። «ሥራ ከያዘው ይደውልልኝ ነበር።»

የእኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ነው፣ አጥፍቼዋለሁ፣ ሰናይት እንዳትደውል። ኔትወርክ የለም አልኳት። ይህ ሁለተኛው ውሸቴ ነው። ራት አበላኋቸው። ማርታ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰማያዊ ኩባያ አየች፣ ልታነሳው እጇን ዘረጋችና ተወችው። «እሱ ራሱ ይደፋዋል» አለች። ተኙ።

ሌሊቱን አልጽፈውም።

አንድ ነገር ብቻ። ሲነጋጋ የገባኝ ይህ ነው። ልጆቹ ከአባታቸው የቀረላቸው የመጨረሻ ቃል አስራ አንድ ሰዓት እመለሳለሁ የሚል ነው። እኔ ኒሙሌ ሄደ ካልኩ ያ ቃል ውሸት ሆኖ ይቀራል። በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳን ልጆቹን ያልዋሸ ሰው፣ ከሞተ በኋላ እኔ ውሸታም ላደርገው ነው።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀሰቀስኳቸው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እሱ እንደሚያደርገው እግራቸውን ያዝ አድርጌ። ያፌት ለማርታ ውሃ አፈሰሰላት። ማርታ ለያፌት። ጫማቸውን ወለወሉ። እኔ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። 

«አባቢስ?» አለ ያፌት።

«የቀኑን ነገር ስንናገር እነግርሃለሁ።»

ማርታ ጨርቁን ጫማው ላይ እንደያዘች ቆመች። ከዚያ መወልወሏን ቀጠለች፣ በጣም በዝግታ።

ዳቦውን ቆረስኩ። ለውዙን ቀባሁ። ሻይ ቀዳሁ። የሦስታችንን ኩባያ አስቀመጥኩ፤ ሰማያዊው እንደ ትናንቱ እዚያው ነው፣ ታቹ ላይ ሻዩ ደርቆ ክብ ሠርቷል።

ያፌት ጀመረ። «እኔ ዛሬ ትምህርት ቤት ነኝ። ስዕል አለን። ዝሆን ነው የምስለው። ከዚያ እመለሳለሁ።»

«እኔ ትምህርት ቤት ነኝ» አለች ማርታ። «እመለሳለሁ።» ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

ተራው የእኔ ነው። ጋሽ ታደሰ የሰጡኝ ዓረፍተ ነገር አፌ ላይ ነበር፣ ተዘጋጅቶ። ኒሙሌ የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች።

«አባቢ ትናንት አልዋሸም» አልኩ። «አስራ አንድ ሰዓት ሊመጣ ነበር። ግን ሥራ ላይ እያለ ልቡ ቆመ። ሞተ። ማታ አውቅ ነበር፣ አልነገርኳችሁም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ዶሮ ከጎረቤት ትጮሃለች። ያፌት ዳቦውን እንደያዘ ነው።

«ጄኔሬተሩ ነው የቆመው?» አለ።

«አይደለም። የአባቢ ልብ ነው።»

«ማን አስነሳው?»

«ሐኪሞቹ ሞከሩ። እምቢ አለ።»

አሰበ። «እሱ ራሱ ቢሞክረው ይነሳ ነበር» አለ።

ማርታ እንባዋ ሻይዋ ውስጥ ይወርዳል። አልጮኸችም። በአፍንጫዋ ሳበችና «ጨርስ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የቀኑን ነገር። ዛሬስ?»

ይህን አልተዘጋጀሁበትም። «ዛሬ ትምህርት ቤት የለም» አልኩ። «ሰው ይመጣል፣ ብዙ ሰው። ድንኳን ይተከላል። ሴቶቹ ይጮሃሉ፣ አትደንግጡ፣ አባቢን ስለሚወዱት ነው። እናታችሁም ታለቅሳለች፣ እናወራታለን። እኔ ከዚህ ግቢ አልወጣም። ወደ አባቢ ቀብር ደግሞ አብረን እንሄዳለን፣ ሦስታችንም።»

«በስንት ሰዓት ነው እማን የምናወራት?»

«ሰዓቱን አላውቀውም። ዛሬ ግን ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። ኩባያዋን በሁለት እጇ ያዘች።

በሩ ያን ጊዜ ተንኳኳ። ከተባለው ቀድመው መጥተዋል። ከቆርቆሮው ማዶ የአንዲት ሴት ድምፅ «ወይኔ ደረጄ!» ብሎ ሊወጣ ሲል ሄድኩና በሩን ሳልከፍት በቀዳዳው አየሁ። ጋሽ ታደሰ ከፊት ናቸው፤ ከኋላቸው አስር የሚሆኑ ሰዎች፣ ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው፣ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ሰምጦ።

«ክፈት እንጂ! ልጆቹ ወጡ?»

«አልወጡም ጋሽ ታደሰ። ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን? ምን አልክ አንተ ልጅ?»

«ሻይ እየጠጡ ነው። እባክዎ፣ ኩባያቸውን እስኪደፉ ይታገሱኝ።»

«ኩባያ? ለቅሶ መጥተን ለኩባያ ደጅ ልንቆም? ማን ያስተማረህ ነው ይሄ?»

«ደረጀ ነው» አልኩ። «የቤቱ ሕግ ነው።»  ግንባሬን ቆርቆሮው ላይ አደረግሁ። ሌሊት የዘነበበት ነበር፣ ይቀዘቅዝ ነበር።

 ከዚያ ጋሽ ታደሰ ወደ ኋላ ዞረው «ቆዩ» ሲሉ ሰማሁ። «ሴቶች፣ አንድ ጊዜ። ቆዩ።» ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሐቦባ ሮዛ ከደጇ በዱላዋ ተደግፋ መጣችና ምንም ሳትጠይቅ ከእነሱ ጋር ቆመች። «ማሌሽ»፣ አይዟችሁ፣ አለች ለአንዱም ለሌላውም፣ እያዘነች። ሁሉም ጭቃው ላይ ቆመው ጠበቁ።

በኋላ ብዙዎቹ ተቀይመውኛል። ጋሽ ታደሰ ግን አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። አሁን ሰናይት ተመልሳለች፣ ትንሹ ልጅ በርጩማውን ይዞ ይቆማል፣ ጠዋቱም የእኔ ነው። አስተማሪዋ ልጆች እንዴት ነው የሚረጋጉት ብላ ነበር የጠየቀችኝ። የዚያን ቀን ጠዋት እኛ ቤት የተረጋጋ ሰው አልነበረም። የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር፣ ያ ብቻ ነው። መሬቱ ሲከዳቸው እጃቸው ጆግ፣ ጨርቅ፣ ኩባያ ያውቅ ነበር። የሚነገራቸውም እውነት እንደሆነ ያውቁ ነበር። በአራት መስመር ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ያን ጠዋት ከበሩ ተመለስኩ። ያፌት ኩባያውን አጥቦ ደፋ። ማርታ የእሷን ደፋች።

«አንተስ?» አለችኝ።

የእኔ ሻይ እንደተቀዳ ነበር። ቀዝቅዟል። ቆሜ ጠጣሁት፣ አጠብኩት፣ ደፋሁት።

ከዚያ ማርታ ሰማያዊውን አነሳች። ከጀሪካኑ ውሃ ቀዳች። የደረቀውን ክብ በጣቷ ፈተገችው፣ አልለቅ ሲላት በጥፍሯ። አለቀለቀችው። ከሦስቱ አጠገብ ደፋችው። እጇን በዩኒፎርሟ ጠረገች።

«አሁን ክፈትላቸው» አለች።

ሄጄ ከፈትኩ።